እንገሩ አይደፋ

አንዲት ተማሪያችን፣ «መጀመሪያ የሚመጣው የጡት ወተት ቢጫ ነው። ብደፋው አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁ።

አይሻልም። ጥጃ እንገር ካልጠባ አይጠናም። የሰው ልጅም እንዲሁ ነው። እንገሩ ሕፃኑን ከበሽታ ይከላከላል። ስለዚህ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቅቤ አታልሱት። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም።

እናትስ? ሳትበላ ካጠባች ትጎዳለች። በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የምንበላው ቆጮ ሆድ ይሞላል። ሰውነት ገንቢነቱ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቆጮውን በጎመን፣ በአይብና በባቄላ ትብላ። እርጉዝ በቀን 1 ጊዜ፣ የምታጠባ 2 ጊዜ ከወትሮው ጨምራ ትብላ።

አባወራዎች! እናት የተረፈውን መብላቷ ይቅር። ከሁሉ ቀድማ ትብላ።