የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያለው ታካሚና እምነቱ
በደሴና በኮምቦልቻ ሕመምተኛ የሚጽናናው በሐኪም ብቻ ሳይሆን በጸሎት፣ በዱዓና በጠያቂ ጭምር ነው። የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያለው ምእመን ግን ይህን ድጋፍ የሚያገኘው ምስጢሩን በመደበቅ ነው፤ ድርጊቱ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ በ2001 ዓ.ም.ም የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አውግዘውታል። በኬፕ ታውን እንዲህ ያሉ ምእመናንን የሚቀበል መስጊድ የመሠረቱት ኢማም ሙህሲን ሄንድሪክስ በ2017 ዓ.ም. ተገድለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ዝንባሌውን ከበሽታዎች መዝገብ ሰርዞታል፤ መታከም የሚገባው ከመገለል የሚመጣው ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ታካሚውን ለብቻው ያነጋግረው፤ የትኛው ጸሎት እንደሚያጽናናው፣ ከማንስ ጋር ያለ ሥጋት ሊመክር እንደሚችል ይጠይቀው፤ «ይዳን» ብሎ ወደ ሃይማኖት አባት አይላከው። ምስጢሩንም ለቤተሰብ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሼኽ አይግለጥ፤ የሙያ ምስጢር ማውጣት በዚሁ ሕግ አንቀጽ 399 የተከለከለ ነውና።