የሬዲዮ መቀበያን ማሻሻል፦ ከሳጥኑ ወይስ ከአንቴናው እንጀምር?

በደብረ ማርቆስ ሰማይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን የሞተሩ ድምፅ ለጆሯችን ሳይደርስ፣ አብራሪው የሚናገረው ቃል በሬዲዮ ሞገድ ተጭኖ በጣሪያችን ላይ ያልፋል። ይህን መሰሉን ሞገድ ለመያዝ የሚያገለግለው መሣሪያ ስካነር ይባላል። ስካነር ልዩ ልዩ ፍሪኩዌንሲዎችን በተራ እየፈተሸ ንግግር ባገኘበት ላይ የሚቆም መቀበያ ነው። ጀማሪ ሰው መቀበያው አልሰማ ሲለው ቀድሞ የሚታሰበው ውድ ሳጥን መግዛት ነው። ከዚህ በታች እንደምናየው ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ አንቴና፣ ከዚያም ገመድ፣ በመጨረሻ ሳጥኑ።

ለዚህ አባባል ትልቅ ምሳሌ የሚሆነን ቃኘው ጣቢያ ነው። አሜሪካውያን ከ1943 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በአስመራ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የሬዲዮ ማዳመጫ ጣቢያ ነበራቸው። ጣቢያውን ያስመረጠው በቅድሚያ ቦታው ነበር፤ ዝናውን ያተረፉለት ደግሞ ሰፊ የአንቴና መስኮችና በ1960ዎቹ የተተከለው 46 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ናቸው።

ሞገዱና ተራራው

ሲቪል አውሮፕላኖች ከመሬት ጋር የሚነጋገሩት በአብዛኛው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የወታደር አውሮፕላኖች ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ያለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱም የሚሠሩት በኤ.ኤም. ዘዴ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ኤፍ.ኤም. ደካማውን ፈጽሞ ሊያጠፋው ሲችል፣ በኤ.ኤም. ግን የሌላ ሰው ድምፅ መኖሩ ይታወቃል። ይህም ለበረራ ደህንነት ይጠቅማል።

እነዚህ ሞገዶች እንደ አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር ተንጸባርቀው አይመለሱም፤ እንደ ብርሃን ወደ ቀጥታ ይጓዛሉ። ስለዚህ የሚሰማበት ርቀት በከፍታ ይወሰናል። አውሮፕላኑ ከእኛ ምን ያህል ሜትር ከፍ እንደሚል አውቀን የዚያን ቁጥር ካሬ ሥር በ4.12 ብናበዛው፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት እናገኛለን። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አውሮፕላኑ በ11,000 ሜትር ላይ ቢበር ከእኛ በላይ ያለው ከፍታ 8,550 ሜትር ይሆናል፤ ርቀቱም ወደ 380 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሌላ በኩል፣ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ብትገኝም፣ በምድር ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ማማ ከደብረ ማርቆስ መስማት አይቻልም። ጀማሪው አንዱን ተናጋሪ ብቻ ሰምቶ መልሱን ሲያጣ፣ ጥፋቱ የመቀበያው ሳይሆን የምድር ቅርጽ ነው።

በሰሜን በኩል ደግሞ የጮቄ ተራራ አለ። ከፍታው 4,100 ሜትር ያህል ነው። ጫፉ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል ብንል፣ ከአድማስ በላይ እስከ 2.2 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ይጋርዳል። በዚያ አቅጣጫ የሚመጣው ያው አውሮፕላን የሚሰማው ወደ 175 ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም ውድ ሳጥን አይሞላውም።

አንቴናና ገመድ

ቀላሉ አንቴና ቁመቱ የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ የሆነ ዘንግ ነው። የሞገድ ርዝመት በሜትር የሚገኘው 300ን በሜጋኸርዙ በማካፈል ነው። ለ127 ሜጋኸርዝ 2.36 ሜትር ስለሚሆን ዘንጉ 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘንጉን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አውጥቶ በምሰሶ ጫፍ ማቆም ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገመድ ነው። በሬዲዮ ሥራ የተለመደው ቀጭኑ አር.ጂ. 58 በ20 ሜትር ርዝመት በ130 ሜጋኸርዝ ከግማሽ በላይ፣ በ300 ሜጋኸርዝ ደግሞ ሦስት አራተኛውን ኃይል ያጠፋል። በየከተማው ገበያ የሚሸጠው የዲሽ ገመድ፣ ማለትም አር.ጂ. 6፣ በ130 ሜጋኸርዝ የሚያጠፋው ሲሶ ያህል ነው። የዲሽ ገመድ 75 ኦም፣ አብዛኛው መቀበያ ደግሞ 50 ኦም መሆኑ ብዙዎችን ያሳስባል፤ ነገር ግን በዚህ አለመጣጣም የሚጠፋው 0.2 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ርካሹ ገመድ ይበልጣል ማለት ነው።

ማጉያና ጫጫታ

በገበያ መካከል የወዳጃችን ድምፅ ቢጠፋብን ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እጥፍ አድርጎ ቢሰማ አይጠቅመንም፤ ጫጫታውም አብሮ ይጎላልና። ማጉያም እንዲሁ ነው። ጥቅም የሚሰጠው አንቴናው ሥር፣ ምልክቱ በገመድ ከመዳከሙ በፊት ሲገጠም ነው። ከመቀበያው አጠገብ ቢገጠም ግን ገመዱ ያጠፋውን አይመልስም። በከተማ ውስጥ ደግሞ የኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች ኃይል ማጉያውን እንዳያጨናንቀው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልጋል።

የጫጫታው ምንጭ ብዙ ጊዜ ከገዛ ቤታችን ነው፤ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖልና የሶላር መቆጣጠሪያ ሞገድ ይረጫሉ። መብራት ሲጠፋ መቀበያውን በባትሪ አብርተን ብናዳምጥና ጫጫታው ከቀነሰ፣ ምንጩን አገኘን ማለት ነው። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ ነው።

ከመትከላችን በፊት

በጎጃም ደጋ የክረምት መብረቅ ቀልድ አይደለም። የብረት ምሰሶ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። ይህም ቢሆን ከቀጥተኛ መብረቅ አያድንም፤ ስለዚህ ገመዱን ከመቀበያው የምንነቅለው ደመናው ማጉረምረም ሳይጀምር ነው። ከጀመረ በኋላ መንካት አይገባም፤ ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብም ምሰሶ ማቆም ክልክል ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሕግ ነው። የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 17 ለሕዝብ ያልታሰበን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍን አገሮች እንዲከለክሉ ያዛል። በአገራችንም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን ይቆጣጠራል። የወታደር አውሮፕላንን ማድመጥ ደግሞ ከሕጉ በላይ የራስንና የሌላውን ሰው ደህንነት አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የአየር ክልሉን ሥራ በትምህርት ክፍል በኩል ፈቃድ ሳይጠየቅ መጀመር አይገባም።

ፊዚክሱን ለመማር ግን ይህን መጠበቅ አያሻም። 75 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ቆርጣችሁ ለሕዝብ የሚሰራጩ የኤፍ.ኤም. ጣቢያዎችን አዳምጡ። አንቴናውን ከመስኮት ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ኮረብታ እያዛወራችሁ ስንት ጣቢያ እንደተጨመረ መዝግቡ። ያ መዝገብ ቀጣዩን ብር የት ማዋል እንዳለባችሁ ከማንኛውም ሻጭ በተሻለ ይነግራችኋል።