የዋግ የጨው ንግድና የወሎ ዐጀሚ ጽሑፎች

እስልምና በአላህ አንድነትና በነቢዩ ሙሐመድ መልእክተኛነት ማመንን፣ ሶላትን፣ ዘካን፣ የረመዳን ጾምንና ሐጅን መሠረቶቹ ያደረገ ሃይማኖት ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ615 ሲሆን፣ በመካ ግፍ የደረሰባቸውን የነቢዩን ተከታዮች የአክሱም ንጉሥ አስጠልሏል።

በደጋው ሃይማኖቱን በአመዛኙ ያስፋፉት ነጋዴዎችና ዓሊሞች ናቸው። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ከሲራራ ነጋዴዎቹም ሙስሊሞች ይገኙበታል። ዋግ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች አገር ብትሆንም ገበያው ሁለቱን ያገናኝ ነበር።

በወሎ ደግሞ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ እየጻፉ መንዙማ ደርሰዋል፤ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ዛሬም በመስጊድና በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ፤ እርጥበትና ምስጥም ያሰጋቸዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ሆኖም መዝጋቢው ዐጀሚ ማንበብ ካልቻለ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «የዐረብኛ መጽሐፍ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው አማርኛም ሳይታወቅ ይቀራል።