የኮምፒዩተር ማእከልና ቤተ መጻሕፍቱ

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ በመሆኑ፣ ትእዛዙ ከተሳሳተ ውጤቱም ይሳሳታል። ስለዚህ የኮምፒዩተር ማእከል ከመሣሪያው ሌላ የተፈተነ ዕውቀት የሚከማችበት ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒዩተር በአንድ ትእዛዝ ማካፈል አይችልም ነበር፤ ለማካፈል ብዙ ትእዛዞች በተርታ መቀናበር ነበረባቸው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየጊዜው እንደ አዲስ ቢጽፋቸው ኖሮ ድካሙም ስሕተቱም በበዛ ነበር። ስለሆነም ባለሙያዎቹ ተፈትነው የታረሙትን ቅንብሮች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ አስፍረው፣ የአጠቃቀም መግለጫ አዘጋጅተው፣ በቁም ሣጥን አኖሩ። ፈላጊውም ከዚያ አውጥቶ በራሱ ጥብጣብ ላይ ይቀዳ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. አሠራሩ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የማእከሉ ቤተ መጻሕፍት ዋና ተግባር አንዱ ያረመውን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው ማድረግ ነው።