ሽመሉ ስንት ዓመቱ ነው?

ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ ይገኛል። መንገዱ በባምባሲ በኩል ያልፋል። ማኦና ኮሞ የሚኖሩበት አገር ነው። በዚህ አካባቢ ልጆችን ይዞ ለመንሸራሸር የሽመል ደን አለ። እኛም በኅዳር፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ልጆቻችንን ይዘን ገባን። ደኑን የሚያውቁ አንድ አባት መሩን።

«አባባ፣ ይኼ ዛፍ ስሙ ማነው?» አለች አንዲት ልጅ።

«ሽመል ነው። ግን ዛፍ አይደለም ልጄ፤ ሣር ነው» አሏት።

እውነት ነው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ደግሞ ከሣር ወገን ነው፤ የጤፍ፣ የማሽላና የሸንኮራ አገዳ ዘመድ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። የቆላው ግን ውስጡ ድፍን ነው፤ ባይደፈን እንኳ ግድግዳው ወፍራም ነው። ስለዚህ ለቤት፣ ለአጥርና ለጎተራ ይበረታል። በክረምት የሚወጣው ቡቃያ ደግሞ ተቀቅሎ ይበላል።

ከዚያ አባባ የሽመልን ዕድሜ መለየት አስተማሩን። የዘንድሮው ዘንግ አረንጓዴ ነው። ቡናማ ሽፋኑን ገና አላወለቀም። ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ፀጉር ስላለ ያሳክካል፤ ልጆች አይንኩት። የአምናው ሽፋኑ መርገፍ ጀምሯል። 3 ዓመት የሞላው ግን ሽፋን የለውም። መልኩ ደብዝዟል፤ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብም አለበት። ልጆቹ እየሮጡ «ይኼ የዘንድሮ ነው! ይኼ ሽማግሌ ነው!» ይሉ ጀመር።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። መቆረጥ ያለበት 3 ዓመት የሞላው ነው። ለጋው ከተቆረጠ ቶሎ ይነቅዛል። ሁሉም ከተጨፈጨፈ ደግሞ ሥሩ ምግብ ያጣል። የከርሞው ቡቃያ ቀጭን ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ሽመል በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፤ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ። ሲያብብ በአንድነት ያብባል፤ ዘር ይሰጣል፤ ከዚያ ይደርቃል። ያን ጊዜ የደኑ ተስፋ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ነው። እሳት ከገባበት ወይም ከብት ከተሰማራበት ችግኙ ያልቃል። ደኑም ላይመለስ ይችላል። ቤቱን፣ አጥሩንና ጎተራውን ከሽመል የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ምን ይይዛል?

ስለዚህ ወደ ደን ስንሄድ በጠዋት እንሂድ። እግር የሚሸፍን ጫማ እናድርግ። ውሃ እንያዝ። እሳት አናንድድ። ማር ቆራጭም ፍሙን አጥፍቶ ይውጣ።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሽመል አሳዩአቸውና ጠይቋቸው፦ ስንት ዓመቱ ነው? ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?