የማርያም መቀነት፦ ሕፃናት ስለ ቀስተ ደመና ሲጠይቁን

በነሐሴ ወር ዝናሙ ወደ ጉና ተራራ ሲያልፍ፣ ፀሐይም በፎገራና በጣና በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው ጋፋት ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ቀስተ ደመና ተዘርግቶ ሊያይ ይችላል። ነሐሴ 13 የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓልም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ሙልሙል የያዙ ሕፃናት ቀና ብለው «ይህ ምንድን ነው? ለምንስ ይጠፋል?» ይላሉ። ብዙዎቻችን «የማርያም መቀነት ነው» ብለን እናልፋለን። ስሙ ያማረ ነው፤ ሊቃውንቶቻችንም ለኖኅ የተሰጠውን ምልክት በእመቤታችን ይመስሉታል። ነገር ግን ሕፃኑ እንዴት እንደሚሠራም ጠይቆናል። ያንን ዝም ካልነው፣ ነገ በትምህርት ቤት ስለ ብርሃን ስብረት ሲማር ከእኛ የሰማው ሁሉ ተረት ይመስለዋል።

ስለዚህ እንዲህ እንበለው። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ቢመስልም ብዙ ቀለማት በአንድነት የተገመዱበት ነው። አይዛክ ኒውተን ከ1666 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሪዝም በተባለ ባለ ሦስት ጎን መስታወት ይህን መርምሮ አሳይቷል። የዝናም ጠብታም ግምዱን ይፈታዋል። ብርሃን ወደ ጠብታዋ ሲገባ ይታጠፋል፤ ከጀርባዋ ተንጸባርቆ ሲወጣ ዳግመኛ ይታጠፋል። የሁሉም ቀለም መታጠፍ እኩል ስላልሆነ ቀዩ በ42 ዲግሪ ገደማ፣ ሐምራዊው በ40 ዲግሪ ገደማ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ቀዩ በውጭ፣ ሐምራዊው በውስጥ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከአንዲት ጠብታ የምናየው አንድ ቀለም ብቻ መሆኑ እኛንም ያስደንቀናል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ወንድምና እህት እንኳ የሚያዩት ከተለያዩ ጠብታዎች የመጣ ብርሃን ነው። ሮጠውም አይደርሱበትም፤ ሲጠጉት ይሸሻል።

ለሕፃናት የሚመች አንድ መለኪያ አለ፦ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ፣ ፀሐይ ከፍ ብላለችና በሰማይ ላይ ቀስተ ደመና አትፈልጉ። በጋፋት በነሐሴ ሊታይ የሚችለው በማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በጥፋት ውኃ እንዳያጠፋ ለኖኅ ቃል ኪዳን ሲገባ ምልክት ያደረገው ይህንኑ ቀስት ነው። ቀስት የጦር መሣሪያ ስም ነው። ጋፋትም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ስፍራ ናትና የአካባቢው ልጆች ስለ መሣሪያ ሳይሰሙ አያድጉም። በደመና ያለው ቀስት ግን ፍላጻ የለውም፤ ደጋኑም ወደ ላይ የተመለሰ ነው። «ታዲያ በሳይንስ ከተገለጠ እንዴት ምልክት ይሆናል?» የሚል ልጅ ቢኖር፣ የጥምቀት ውኃ ከየትኛው ምንጭ እንደ ተቀዳ ማወቃችን ክብሩን አይቀንሰውም ብለን እንመልስለት። ብርሃኑንና ጠብታውን የፈጠረ እርሱ ነው፤ ምልክት ያደረገውም ቃሉ ነው።

የሚጠፋው ጠብታዎቹ ወርደው ሲያልቁ ወይም ደመና ፀሐይን ሲጋርድ ነው። ይህንንም ሕፃናቱ በቤታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፦ በማለዳ ፀሐይን በጀርባቸው አድርገው፣ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው፣ የጎነጩትን ውኃ እንደ ጉም አድርገው እፍ ይበሉት። ለአፍታ ትንሽ ቀስተ ደመና ያያሉ። ፀሐይን በቀጥታ እንዳያዩ ግን ወላጆች አደራ።