ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ሦስተኛ ወጣሁ» ሲል አስተዋይ ወላጅ ደስታውን ከገለጸ በኋላ ሁለት ነገር ይጠይቃል። «ከስንት ተማሪ? ፈተናውስ ምን ነበር?» ይላል። ደረጃ ብቻውን ብዙ አይናገርምና።

በአሁኑ ዘመን ደረጃ የሚወጣላቸው ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። የመሬት መንቀጥቀጥን፣ እሳተ ገሞራን፣ የከርሰ ምድር ውኃንና ማዕድንን የሚመረምሩ ሳይንቲስቶችም በዓለም አቀፍ ዝርዝር አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መቶኛ እየተባሉ ይደረደራሉ። ዩኒቨርሲቲዎች በዝርዝሩ ይኮራሉ። ትምህርታቸውን ለመቀጠል የሚሹ ወጣቶችም የሚያማክራቸውን መምህር ሲፈልጉ ይመለከቱታል። እንግዲያው እኛም እንደዚያ ወላጅ «ፈተናው ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ቆጠራው እንዴት ተጀመረ?

አንድ ተመራማሪ የጥናት ጽሑፍ ሲያሳትም መነሻ ያደረጋቸውን የቀደሙ ሥራዎች በስም ይጠቅሳል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እነዚህን ጥቅሶች ሰብስቦ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ማሳተም ጀመረ። ዋና ዓላማው ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኙ መርዳት ነበር። ውሎ አድሮ ግን መፈለጊያው መመዘኛ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሆርሄ ኸርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ «ኤች ኢንዴክስ» የሚባለውን ስሌት አቀረበ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ሰባት ጽሑፎች አሉት እንበል። እነዚህም 40፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰዋል። አምስቱ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ ስለተጠቀሱ የሰውዬው ቁጥር 5 ነው። ስድስት እንዳይሆን ስድስተኛው ጽሑፍ የተጠቀሰው አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ሌላ ሰው እንውሰድ። በዕድሜው አንድ ጽሑፍ ብቻ አሳተመ፤ ጽሑፉም የሳይንሱን አቅጣጫ ለውጦ 3,000 ጊዜ ተጠቀሰ። የዚህ ሰው ቁጥር ስንት ይሆናል? 1 ብቻ! ቁጥሩ ከጽሑፎቹ ብዛት ሊበልጥ አይችልምና።

ቁጥሩ የማያየው

ቆጠራው ምስጋናና ነቀፋንም አይለይም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር አህጉራት ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን አሳቡን እ.ኤ.አ. በ1912 አቀረበ፤ በ1915ም በመጽሐፍ አሳተመው። ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ስሙን ያነሱም የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ሊነቅፉት ነው። ቬገነር በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሕይወቱ አለፈ። አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ በሰፊው የታመነው ግን በ1960ዎቹ ነበር። በሕይወቱ ሳለ በጥቅስ ብዛት ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ጭቅጭቁ እንጂ ስለ እውነቱ አልነበረም።

የአሜሪካዊቷ ሜሪ ታርፕ ታሪክ ደግሞ ሌላ ጉድለት ያሳየናል። ታርፕ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው የላሞንት ምርምር ጣቢያ ትሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ሴቶች በምርምር መርከብ እንዲሳፈሩ አይፈቀድም ነበርና ወንዶች ባልደረቦቿ ከባሕር የሚያመጡትን የጥልቀት ልኬት በወረቀት ላይ ታሰፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ባለው የተራራ ሰንሰለት መካከል የሚያልፍ ስምጥ ሸለቆ አገኘች። ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ «የሴት ወሬ ነው» ብሎ አጣጣለው፤ ኋላ ግን ትክክል መሆኗን አመነ። ግኝቱ በጽሑፍ ሲወጣ ስሟ ያልሰፈረባቸው ጽሑፎች ነበሩ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው እንዴት ይጠቀሳል? ያልተጠቀሰስ እንዴት ይቆጠራል?

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ታርፕ ከባሕር ሥር ያገኘችው ስንጥቅ በየብስ ላይ ካለው የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር የአንድ ሥርዓት አካል ነው። በአፋር ይህ ሥርዓት በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተከፍሎ የቀለጠ ዐለት ከሥር ገባበት፤ ስፋቱም እስከ ስምንት ሜትር ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በታዋቂው «ኔቸር» መጽሔት ስለዚሁ የወጣውን ጥናት ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ካዘጋጁት መካከል ኢትዮጵያውያኑ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ሥራ በቆጠራው ጥሩ ቦታ ያገኛል፤ ይገባዋልም።

ሌላውን ሥራ ግን እንመልከት። ካናዳዊው ፒየር ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱ ሰው ናቸው። በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ የደረሱትን የመሬት መንቀጥቀጦች ለብዙ ዓመታት መዝግበው በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚያጠና ሰው ያለዚህ መጽሐፍ አይንቀሳቀስም። ሆኖም ቆጠራው በአብዛኛው የሚከተለው የምርምር መጽሔቶችን በመሆኑ የመጽሐፍን ውለታ በሚገባ አይመዝንም።

ከመጽሐፍም የባሰ የሚረሳ ሥራ አለ። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በዚያ ሰሞን የአንዲት እናት ጥያቄ «ዛሬ ልጆቼን ይዤ ቤት ውስጥ ልደር ወይስ ውጭ?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የሚመልስ፣ ለአስተዳደሩ ምክር የሚሰጥ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ በረሃ የሚወርድ ባለሙያ ለዚህ ድካሙ አንድም ጥቅስ አይቆጠርለትም።

ታዲያ ቁጥሩን እንጣለው?

አይደለም። ብዙ መጠቀስ ብዙ ባልደረቦች ሥራውን እንደተጠቀሙበት ሊያሳይ ይችላልና በወዳጅነት ከሚሰጥ ሹመት ይሻላል። ክፋቱ ብቸኛ ዳኛ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንዱን ጥናት ቆራርጦ አምስት አድርጎ ማሳተም፣ ራስንም ደጋግሞ መጥቀስ ይመጣል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይህን ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ ተሰብስበው የመከሩበት መግለጫና በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ሰው በቁጥር ብቻ እንዳይመዘን፣ ሥራው ራሱ እንዲነበብ ያሳስባሉ።

ስለዚህ ልጅዎ በመሬት ሳይንስ ሊሠለጥን ቢነሣና የሊቃውንት ዝርዝር ይዞ ቢመጣ ዝርዝሩን አይጣሉበት። አብረው ይጠይቁ እንጂ። ይህ ሊቅ ያወቀው ነገር ምንድን ነው? ከስሙ ጎን የደከሙት ሌሎች እነማን ናቸው? ተማሪዎቹስ የት ደረሱ? መሬት በተንቀጠቀጠች ሌሊት ዕውቀቱ የሚደርሰው ለማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሚወጣ ልጅ አንደኛ ባይባል እንኳ የሚፈለግ ሰው መሆኑ አይቀርም።